የሌላ ሰው ሐውልት

ባዘዘውን በላስ ቬጋስ የሚያውቁት ሐበሾች «አርቲስቱ» ይሉታል። እሱ ግን በዕድሜው አንድም የሥነ ጥበብ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ሳለ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመሮና በመዶሻ የሙታንን ስም ሲቀርጽ ኖሮ፣ ሚስቱ ልዕልት ዲቪ ደርሷት በእሷ ዕድል አሜሪካ የገባ ሰው ነው። አርቲስት ያሰኘው ሥራው ሳይሆን አንድ ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አሥር ዓመት ያህል ዘ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ሰሐን አጥቧል፣ የሰው መኪና ፓርክ አድርጓል፣ ምንጣፍ ጠርጓል። ወገቡ እምቢ ሲለው ጓደኛው ኃይሉ ጥበቃ በሆነበት ሕንፃ ውስጥ ቦታ ተገኘ። ሕንፃው አንድ ሀብታም ሰው በዘመኑ ሁሉ የሰበሰባቸው የጥንት ድንጋዮች የሚታዩበት አነስተኛ ሙዚየም ነው። ማመልከቻውን የሞላለት ኃይሉ ነበር። አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር ሲለው «ሐውልት» አለው፤ ኃይሉም ሳያመነታ «ስካልፕተር»፣ ቀራፂ፣ ብሎ ጻፈ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ኃይሉ አልዋሸም። በእኛ ቋንቋ አደባባይ ላይ በፈረስ የተቀመጠው ንጉሥም ሐውልት ነው፤ የጎረቤታችን የእማማ ላቀች መቃብር ላይ የተተከለውም ሐውልት ነው። ቋንቋችን አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይሰስታል፤ ለሁለት ነገር አንድ ቃል ይሰጥና የቀረውን ለሰሚው ይተወዋል። ባዘዘውም ሥራውን አገኘ፣ ስሙም አብሮት ገባ፣ እሱም አላረመም።

ሥራው የድንጋዮቹን አቧራ ማራገፍ፣ የክፍሉን እርጥበት መለካት፣ ዕቃ ሲነሳና ሲቀመጥ ማገዝ ነበር። በአዳራሹ መካከል፣ ለብቻው በተሠራ መደብ ላይ፣ አንድ የግብፅ ንጉሥ አለ። ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበ፣ ሦስት ሺህ ዘመን ያለፈው፣ አፍንጫው የተሸረፈ፣ ከጭኑ በታች የሌለ ንጉሥ። ቀበቶው ላይ ሞላላ ክብ ተስሎ በውስጡ ስሙ ተቀርጿል። ባዘዘው በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ንጉሥ ሲያጸዳ የእጅ ባትሪውን አስተኝቶ ቀበቶው ላይ አበራና ባለበት ቀረ። ስሙ የተጻፈበት ቦታ ከዙሪያው ዝቅ ብሏል። ቢበዛ የጥፍር ውፍረት ቢሆን ነው፤ ሌላ ሰው ዓመት ሙሉ ቢያየው አያስተውለውም።

የሙዚየሙን ኃላፊ ሚስ ሎረንን ጠራና በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ እዚህ ቦታ መጀመሪያ የሌላ ሰው ስም ነበር፣ ተፍቆ ነው ይሄኛው የተጻፈው አላት። ሴትዮዋ አፏን ያዘች። የተማሩ ሰዎች በመሣሪያ ያረጋገጡትን ነገር እሱ በእጅ ባትሪ አየው። ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። የጥንት ነገሥታት አንዳንዶቹ አዲስ ከማስጠረብ ይልቅ የቀደማቸውን ንጉሥ ሐውልት ወስደው፣ ስሙን አስፍቀው፣ የራሳቸውን ያስጽፉ ነበር። በእምነታቸው ደግሞ ስሙ የጠፋበት ሰው በወዲያኛው ዓለም ዳግመኛ ይሞታል። «የአርቲስት ዓይን አለህ» ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ባዘዘው አንገቱን ደፋ። ያወቀው እሱም ያንኑ ሥራ ሠርቶት ስለነበረ ነው።

በሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ባዘዘው የሚሠራው ገብረጻድቅ የሚባል ሰው ሐውልት ቤት ውስጥ ነበር፤ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የተዘረጋ የቆርቆሮ ዳስ። ገብረጻድቅ እጁ ወርቅ፣ ሆዱ ግን የጅብ ነበር። ጠያቂ ያጣ መቃብር ሲያይ ከዘበኛው ጋር ይንሾካሾክና ድንጋዩ በማለዳ በጋሪ ይመጣለታል። አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ የመጣ ነጭ እምነ በረድ ነበር። ላዩ ላይ ሕዝቅኤል የሚል ስም ተቀርጾበታል፤ በሃያ ሁለት ዓመቱ የሞተ ወጣት። አባትና እናቱ ሞቱ ይሁን ተሰደዱ የሚያውቅ የለም፣ ዓመታት ሙሉ ሻማ የሚያበራለት ሰው አልታየም። በዚያው ሳምንት ልዕልት የምትባል ልጅ ጥቁር ለብሳ መጣችና ለእናቷ ለወይዘሮ ጽጌወይን ሐውልት አዘዘች። ገብረጻድቅ ባዘዘውን ዞር አድርጎ ፋቀው አለው። ባዘዘውም ሁለት ቀን ሙሉ ፋቀ። የሕዝቅኤል ስም ዱቄት ሆኖ ሱሪው ላይ ተነሰነሰ፤ በቦታው ጽጌወይን የሚለውን እስከ ዛሬ ከጻፈው ሁሉ በሚያምር ፊደል ቀረጸ።

ልዕልት ድንጋዩን ስታይ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው፣ አለቀሰች፣ ከዚያ «እጅህ ይባረክ» አለችው። በዚያች ምርቃት ተያዘ። በአርባውም መጣ፣ በሰማንያውም መጣ፣ በሁለተኛው ዓመት አገባት። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ሰርጉ አለፈ፣ አሜሪካ መጡ፣ ልጃቸው ኪያ ተወለደች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል። ግን ሰው በገዛ እጁ መጋረጃውን ሲዘጋ ንጋቱ ምን ያድርግ?

የሙዚየሙን ንጉሥ ነገር ማታ ለልዕልት ሲነግራት ልቡ ወደዚያ እያደላ ነበር። ከንጉሡ ጀምሬ ወደ ራሴ እሻገራለሁ ብሎ አስቦ ነበር። እሷ ግን ገና ሳይጨርስ ሳቀች። ንጉሥም ይሰርቃል እንዴ፣ ያውም የሞተ ሰው ስም፣ እንዲህ ያለ ነውር ከየት ተምሮት ነው አለች። ነውር የሚለው ቃል ሲወጣ ባዘዘው አፉን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ «ሐውልቱ እንዴት ዋለ? ሌባው ንጉሥ ሰላም ነው?» ማለት የቤቱ ቀልድ ሆነ። ኪያ እንኳ በሕፃንነቷ ትለው ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ፣ መጋቢት ላይ ዘ ስትሪፕ ተዘጋ። ቀንም ሌሊትም የማይጠፋው መብራት ሲጠፋ ያየ ሰው ያንን ጨለማ አይረሳውም። ልዕልት ክፍል የምታጸዳበት ሆቴል ሠራተኛውን ሁሉ አሰናበተ። ሙዚየሙም ተዘጋ፤ ባዘዘውን ብቻ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ እርጥበቱን ቼክ እንዲያደርግ አስቀሩት፤ ሰው ቤቱ ቢቀመጥም ድንጋይ ጠባቂ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያላገኙትን ያህል ጊዜ አብረው አገኙ። ለመናገር ከዚያ የተሻለ ወቅት አልነበረም። ባዘዘው ግን አልተናገረም።

ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ፎቶ መጣ። የልዕልት የአክስት ልጅ ብርቅታይት በየዓመቱ በጽጌወይን ሙት ዓመት መቃብሩን አጥባ ፎቶውን ትልካለች። ዘንድሮ ዝናብ ላይ ነበር ያነሳችው፣ ድንጋዩ ርሷል። መሮ የመታው እምነ በረድ ከፊደሉ በታችም ይቆስላል፤ ላዩ ቢፋቅ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል፣ ፀሐይና ዝናብ ሠላሳ ዓመት ሲፈራረቁበት ደግሞ ይወጣል። ልዕልት ፎቶውን በሁለት ጣቷ አስፍታ አየችው።

«ባዜ፣ ከእማዬ ስም ሥር ሌላ ፊደል ያለ አይመስልም?»

ባዘዘው መነጽሩን አደረገ፣ አየ። የሕዝቅኤል «ሕ» ቁልጭ ብላ ትታይ ነበር።

«ሻጋታ ነው» አላት።

«አንተ ካልክ ነው። ባለሙያው አንተ ነህ» ብላ ስልኩን አስቀመጠች። ብትጠረጥረው ኖሮ፣ ብትጨቀጭቀው ኖሮ ይሻለው ነበር። ማመኗ ነው የገደለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዘዘው እህል አልጥም አለው።

በሚቀጥለው የሥራ ቀኑ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ ንጉሡ ፊት ቆሞ ቃሉን ተለማመደ። ሰው ለንስሐ አባቱ የሚናገረውን እሱ ለድንጋይ ተናገረ፤ አይፈረድበትም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ተዘግቶ ነበር። ብዙ ዓይነት አድርጎ ሞከረው፤ ሲረዝም ይንቀጠቀጥበታል፣ ሲያጥር ይሻለዋል። በመጨረሻ ሦስት ዓረፍተ ነገር ላይ ረጋ። ሐውልቱ የሌላ ሰው ነበር። ስሙን የፋቅሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። በክረምቱ ውስጥ ይህችን ይዞ ስንት ጊዜ ወደ ቤት እንደገባ፣ ስንት ጊዜ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ እንደዋጣት እሱ ነው የሚያውቀው።

ጥቅምት ላይ ልዕልትን ሆቴሉ መልሶ ጠራት። ሄደች። በታኅሣሥ አጋማሽ ሳል ይዟት ገባች። በሦስተኛው ቀን ባዘዘውም ተኛ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የነበረችው ኪያ እንዳይዛት ብለው ኢንስፒራዳ የሚባል ሰፈር ወደሚገኘው የጓደኛዋ የናጃት ወላጆች ቤት ሰደዷት። የባዘዘው ሕመም ትኩሳትና ሳል ሆኖ ቀረ። ልዕልት ግን አንድ ጠዋት ከአልጋ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ለመድረስ አቃታት፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ አምቡላንስ መጣ። ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች ደግፈው ሲያወጧት መለስ ብላ፣ ምድጃው ላይ የጣድኩትን አጥፋው አለችው። የባልና ሚስቱ ዓይን ለዓይን መተያየት በዚያ አበቃ።

ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም። በስልክ አንድ ጊዜ አገናኟት፤ ነርሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። የኦክስጅኑ ድምፅ እንደ ወንዝ ይጮኻል። ባዘዘው ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጅቶ ነበር። ሰላም ነሽ ወይ አላት፣ ምን እንደመለሰች አልሰማም፣ በርቺ አላት፣ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ራሱን በጥፊ መታ።

በፈረንጆች ገና ዋዜማ ኪያ ደወለች። የደወለችው ከሆስፒታሉ ፓርኪንግ ነበር። ዶክተሮቹ ነገ ጠዋት የመተንፈሻ ቱቦ ሊያስገቡላት ወስነዋል፤ ከዚያ በፊት አንድ ቤተሰብ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይግባ ብለዋል። ባዘዘው ገና ከበሽታው ነፃ ስላልተባለ መሄድ አይችልም። ልጅቷ ልቅሶዋን ዋጥ እያደረገች ለእማዬ የምትላት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ከፈለግክ ስልኩን ስፒከር ላይ ላደርገው እችላለሁም አለችው።

እዚህ ላይ ባዘዘውን መውቀስ ይቻላል፤ እኔም እወቅሰዋለሁ። ስፒከር ላይ አድርጊኝ ማለት ነበረበት። እሱ ግን ሳሉ አላናግር እንዳለው ነገራት። እውነቱ ሌላ ነበር። ልዕልት ሰምታ ዝም ብትል፣ ያንን ዝምታ በጆሮው መስማት ፈራ። ደግሞ ለልጁ «የአያትሽ ሐውልት» ብሎ መጀመር፣ አባቷ የሙታን ሌባ መሆኑን ከአፉ ማውጣት፣ አልሆንለት አለ። ሲናዘዝ እንኳ ግማሹን ደበቀ።

«እንዲህ በያት» አላት። «ሐውልቱ የሌላ ሰው ነበር። ስሙን የፋቅሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። እሷ ይገባታል።»

ኪያ ቃሉን እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ደገመችው። የፋቅሁት የሚለው ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ሳል ያዘው፣ እሷም ጊዜ አልነበራትም፣ ኦኬ ብላ ገባች።

ባዘዘው ያንን ግማሽ ሰዓት መስኮት ሥር ቆሞ ጠበቀ። ስልኩ ሲጮኽ አነሳው።

«ነገርኳት» አለችው እያለቀሰች። «‹ይቅር ብዬዋለሁ በይው› አለች።»

ባዘዘው ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ሸክም ከጀርባው ሲወርድ ተሰማው፤ ትኩሳቱም በዚያው ቀን ለቀቀው። ልዕልት በማግስቱ ቱቦ ገባላት፣ በአሥረኛው ቀን ዐረፈች።

ቀብሩ ላይ የተፈቀደው ጥቂት ሰው ነበር፤ ኃይሉ ከሩቅ መኪናው አጠገብ ቆሞ አነባ። ባዘዘው ለሚስቱ ሐውልት በገዛ እጁ ሊጠርብ ፈልጎ የመካነ መቃብሩን ቢሮ ጠየቀ። በዚህ ግቢ የቆመ ድንጋይ አይፈቀድም፣ ከሣር እኩል የሚቀበር የነሐስ ሰሌዳ ብቻ ነው፣ እሱንም የምናሠራው እኛ ነን አሉት። የማያውቃቸውን ሰዎች ስም ሲቀርጽ የኖረ እጅ የልዕልትን ስም ሳይቀርጽ ቀረ። ይህም ቢሆን አንገበገበው እንጂ አልሰበረውም። ጠዋት ሲነሳ ይቅር ብላኛለች ይላል፣ ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል። በዚያች ቃል ነበር የሚኖረው።

በአርባዋ ዕለት ጸሎቱ አልቆ፣ የመጡት ጥቂት ሰዎች ተመልሰው፣ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ከመስኮቱ ውጭ የከሰዓት ፀሐይ ነበር። ኪያ ብርጭቆ ታጥባለች። ባዘዘው ያሰበበት ነገር ነበረው። ለብርቅታይት ገንዘብ ልኮ፣ አዲስ አበባ ያለው ድንጋይ ላይ ከጽጌወይን ስም በታች ሕዝቅኤል የሚለው ስም እንዲመለስ ሊያደርግ ነው። ለዚህ ደግሞ ልጁ ታሪኩን ማወቅ አለባት። ሚስቱ ይቅር ካለችው በኋላ ለልጁ መናገር እንደ ድሮው አያስፈራም።

«ነይ ተቀመጪ» አላት። «እናትሽ ይቅር ያለችኝን ነገር ለአንቺም ልንገርሽ።»

ኪያ እጇን አድርቃ መጣች፤ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ ብላ ነበር።

«አውቀዋለሁ እኮ አባዬ። እሷም ስትሰማ ሳቀች።»

«ሳቀች?»

ኪያ ነገረችው። መጀመሪያ እማዬ በደንብ አልሰማቻትም ነበር። ሐውልቱ የሌላ ሰው ነበር፣ አባዬ ሶሪ ይላል አለቻት፤ መካከለኛዋ ዓረፍተ ነገር እዚያ ስትደርስ ጠፍታባታለች። ልዕልት ግራ ገብቷት ጭንብሉን በእጇ ትንሽ ከፍ አድርጋ የቱ ሐውልት አለቻት። ኪያም የሥራው፣ የንጉሡ አለቻት። ኪያ በዕድሜዋ የምታውቀው ሐውልት እሱን ብቻ ነው፤ የአያቷን ድንጋይ ልዕልት ሁልጊዜ «የእማዬ መቃብር» ነበር የምትለው።

«ከዛ ማስኩ ውስጥ ሳቀች፣ አይ ሚን፣ ሪሊ ሳቀች» አለች ኪያ። «‹አሁንም ሌባው ንጉሥ እንቅልፍ ይነሳዋል? ይቅር ብዬዋለሁ በይው፣ ንጉሡን› አለች። ነርሷ እንኳን ምን ሆና ነው አለችኝ። ከዛ በኋላ ምንም አላወራችም። ለላስት ጊዜ ያሳቅኳት እኔ ነኝ አባዬ። እሱን ሳስብ ነው የምተኛው።»

ባዘዘው መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተመለከተው። ልዕልት ምንም አላወቀችም። ይቅር ያለችው የሞተ የግብፅ ንጉሥ ነው፤ ባሏን ይቅር የምትለው ነገር እንዳለ እንኳ ሳታውቅ ሄደች። ከእንግዲህ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው የለም። ይህን ሁሉ ቀን የኖረባት ቃል የእሱ አልነበረችም። ፊቱን ግን እንደነበረ ለመያዝ ሞከረ።

ኪያ ፊቱን አይታ ፈገግታዋ ቀነሰ።

«ትክክል ነው አይደል ያልኳት? የሥራው ሐውልት ነበር አይደል?»

«አዎ የኔ ልጅ» አላት ባዘዘው። «የሥራው ነበር።»